ለመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀግኖች የቀረበ ውዳሴ

ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ይህን ርቀት ከመነሻ እስከ መድረሻ በተመጣጠነ ፍጥነት መሮጥ እንደሚገባ የሚመክሩ አሰልጣኞች በየሜዳው ሞልተዋል፤ ምክራቸውን ሰምቶ የሚሮጥ ሰውም አልፎ አልፎ አይታጣም። እነዚያን ሌላ ሰው ያመስግናቸው። የእኔ ምስጋና የሚገባው፣ ከፊታቸው 21 ኪሎ ሜትር እንዳለ እያወቁ አንደኛውን ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚሮጡት፣ የቀረውን 20 ግን እንደ ትርፍ ጉዳይ ለሚቆጥሩት ታላላቅ አማተሮቻችን ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በሚያዘጋጀው የሐዋሳ ግማሽ ማራቶን ላይ እነዚህን ጀግኖች በሙሉ ክብራቸው ማየት ይቻላል። በተለይ ከአዲስ አበባ የሚወርዱት ለዚህ ዓይነቱ ጀግንነት የተመቹ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለችና፣ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያደረ ሳንባ ጠዋት ሲነሣ ያልለመደው ጥጋብ ይሰማዋል። ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም ለአንድ አማተር የሚያተርፈው በኪሎ ሜትር ጥቂት ሰከንዶችን ነው፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ደግሞ ሙቀቱ ያችኑ መልሶ ይወስዳታል። ጀግናችን ግን በጥቂት ሰከንዶች የሚደራደሩ ሰው አይደሉም። የሐይቁን አየር ሁለት ጊዜ ሳብ ካደረጉ በኋላ፣ ለወራት የተለማመዱበት ፍጥነት ለሌላ ሰው የታሰበ እንደነበረ ይገለጥላቸዋል።

መነሻው ላይ ቦታቸው የታወቀ ነው፤ ከታዋቂ አትሌቶች ጀርባ፣ ካሜራው ከሚደርስበት ስፍራ። በእግራቸው ላይ ሶሉ ውስጥ የካርቦን ዝርግ የገባበት የውድድር ጫማ አለ፤ የዋጋውን ነገር ባናነሣው ይሻላል። ውድድሩ ሲጀመር ጀግናችን ሁለት ልጃገረዶችን፣ አንድ ባንዲራ የለበሱ ሽማግሌና ጋሪ የሚገፋ አባት በክንዳቸው ከፍለው አፈትልከው ይወጣሉ። አንደኛው ኪሎ ሜትር ሲያልቅ ሰዓታቸውን ገልጠው ያያሉ፤ 4 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ይላል። ለዚህ ቀን ያወጡት ዕቅድ ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ የሚል ነበር። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥ ነበር። እርሳቸው ግን ፈገግ ብለው ዙሩን ያከርሩታል።

እዚህ ላይ የሒሳብ ችሎታቸውን ሳናደንቅ ማለፍ ግፍ ይሆናል። በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ለመግባት የተዘጋጀ ሰው እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ፍጥነት መሮጥ ይኖርበታል። ጀግናችን የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች በአማካይ በ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሮጠው ከ3 ደቂቃ በላይ ያተርፋሉ፤ ይህችንም ትርፍ «ለኋላ የሚሆን መጠባበቂያ» ብለው ይጠሯታል። እስከ 12ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ዕቅዳቸው ላይ እየተንገዳገዱ ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን 9 ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሲጎተቱባቸው ከ15 ደቂቃ በላይ ይከፍላሉ፤ በ1 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ይገባሉ። 3 ደቂቃ አበድሮ 15 ደቂቃ የሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ በሰፈራችን ቢኖር ሽማግሌ ይላክበት ነበር፤ ጀግናችን ግን በሚቀጥለው ዓመትም ከዚሁ ሰው ዘንድ ይበደራሉ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ሊገሥጿቸው የሚሞክሩ አሉ። መሄዱንስ ይሂድ፤ እንቁላሉ ስንት ሰዓት እንደገባ ግን እስካሁን የነገረን የለም።

ደግሞስ የተመጣጠነ ሩጫ ምን ደስታ አለው? አትሌት ዮሚፍ ቀጄልቻ እ.ኤ.አ. በ2024 በስፔኗ ቫሌንሲያ ግማሽ ማራቶኑን ሮጦ 57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሲገባ በአማካይ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር የጨረሰው በ2 ደቂቃ ከ43 ወይም 44 ሰከንድ ነው። በዚያችው ከተማ ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያዋን ግማሽ ማራቶን ሮጣ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ስትገባ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን በ70 ሰከንድ አሻሽላዋለች፤ ይህንንም ያደረገችው በአማካይ ከ3 ደቂቃ በታች በሆነ ፍጥነት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትንገዳገድ ነው። የሚያስጨንቅ ነገር የለ፣ ዳር ወጥቶ ማለክለክ የለ፣ ተመልካች የሚያዝንበት አጋጣሚ እንኳ የለ።

ከሁሉ የከፋው ግን የቀነኒሳ በቀለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ከኒውካስል እስከ ሳውዝ ሺልድስ በሚደረገው ግማሽ ማራቶን፣ በታላቁ የሰሜን ሩጫ ላይ ቀነኒሳ ከኃይሌ ገብረሥላሴና ከሞ ፋራህ ጋር ለአንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ አቅሙን ደብቆ አብሮ ሮጠ፤ ወደ ባሕሩ ዳር የሚወስደው ቁልቁለት ሲመጣ ብቻ አምልጦ፣ ሞ ፋራህን በ1 ሰከንድ ቀደመው። አሁን ይህ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው አካሄድ ነውን? ያን ሁሉ ጊዜ ፍጥነቱን ሸሽጎ ሲቆይ ፎቶ አንሺው ሰልችቶት ወደ ቤቱ ቢሄድስ ኖሮ? ጀግናችን እንዲህ ዓይነት ቁማር አይጫወቱም። ያላቸውን ሁሉ ፎቶ አንሺው ባለበት፣ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር፣ በግልጽ ያፈስሱታል።

ሰውነት ግን ምሥጢር መጠበቅ አይችልም። ከአቅም በላይ በሆነ ፍጥነት ሲሮጥ ጡንቻ ያከማቸውን የስኳር ስንቅ በችኮላ ያቃጥላል፤ ሯጮቻችን በጥቅሉ «ላክቲክ አሲድ» የሚሉት ጣጣ ከሚጠረገው በላይ ይጠራቀማል፤ ሙቀቱ ሲጨመርበት ደግሞ የልብ ምት ፍጥነቱ ባልጨመረበት ሰዓት ይጨምራል። ስለዚህ 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጀግናችን ወደ መንገዱ ዳር ወጥተው በርከክ ይላሉ። በድርብ ቋጠሮ የታሰረውን የጫማ ክር በጥንቃቄ ይፈታሉ፤ ከፈቱም በኋላ ጫፎቹን አስተካክለው እንደገና በድርብ ቋጠሮ ያስሩታል። ቀና ብለው የሚመጣውን ሰው ብዛት ይመለከቱና ወደ ሌላኛው ጫማ ይሻገራሉ። ሰዓታቸውን ግን ከመንበርከካቸው በፊት አቁመውታል፤ እንዲህ ባለ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ሰዓት ማቆምን አለመርሳት የትልቅ ሰው ምልክት ነው።

የጀግናችን ቸርነት የሚታየውም ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ነው። በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ሴት፣ ከጠዋት ጀምሮ 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ በሆነች አካሄዳቸው ሳይቀንሱም ሳይጨምሩም መጥተው፣ «አይዞህ ወንድሜ» ብለው ያልፏቸዋል። ቀጥሎ ባለባንዲራው ሽማግሌ ያልፋሉ። ቀጥሎ ባለጋሪው አባት፣ ሕፃኑ እንደ ተኛ፣ ያልፋል። ሰውን ከኋላ መጥቶ ማለፍ ለደከመ ሯጭ ከውኃም ከብርቱካንም የሚበልጥ ብርታት እንደሚሰጥ የሮጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጀግናችን ይህን ደስታ በአንድ ማለዳ ለመቶዎች ያድላሉ፤ የተቀበሉትም ቢሆኑ ዞር ብለው አያመሰግኗቸውም። (ያቺ ሴት በ1 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይገባሉ። ፎቶ ያነሣቸው የለም፤ የሚናገሩትም ጉድ የላቸውም።)

መድረሻው በሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ሲታይ ግን ጀግናችን ከሞት ይነሣሉ። የት ተቀምጦ እንደ ነበር በማይታወቅ ጉልበት ይፈተለካሉ፤ ሁለት ወይዘሮዎችንና አንድ እግሩን የሚጎትት ተማሪ ጥለው ክንዳቸውን ዘርግተው ይገባሉ። ወዲያውም ለጤና ቡድናቸው የቴሌግራም ገጽ የሚሆን ማብራሪያ መዘጋጀት ይጀምራል። ውኃው ሞቆ ነበር። ጫማው ገና አልተለማመደም። ትናንት ማታ የበሉት ዓሣ አልተስማማቸውም። የሰዓታቸው ጂፒኤስ 21 ኪሎ ሜትር ከ400 ስላለ የመንገዱ ልኬት ራሱ ያጠራጥራል። ሯጮች ሩጫቸውን በሚለጥፉበት በስትራቫ መተግበሪያ ላይ የሚወጣው ደግሞ ሰዓቱ ቆሞ የነበረበትን ጊዜ የማይጨምር ውጤት ነውና፣ «ከፍተኛ አቋም ላይ ነህ» የሚሉ መልእክቶች ይጎርፋሉ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የራሳቸው ምርጥ ሰዓት መሆኑ ከላይ በደማቁ ተጽፏልና አቋማቸውን የሚጠራጠር ሰው አይገኝም።

እንግዲህ አዘጋጆች ሁሉ የእነዚህን ሰዎች ውለታ ያስቡ ዘንድ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በማንኛውም ግማሽ ማራቶን ላይ 5ኛው ኪሎ ሜትር አጠገብ ሌላ የመድረሻ መስመር ይተከል። ሜዳሊያው እዚያው ይሰጥ፤ ፎቶ አንሺዎችም እዚያው ይቁሙ፤ በጀግኖቻችን እግር ፍጥነት ልክ የተዘጋጀ ወንበር፣ ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ አይጉደል። ከመስመሩ ወዲያ ያለውን 16 ኪሎ ሜትር እነዚያ 5 ደቂቃ ከ10 የሚሮጡት ሴትና መሰሎቻቸው ይጨርሱት፤ ጀግኖቻችንም በወንበራቸው ላይ ሆነው ስለ ፍጥነት አመጣጠን ይምከሯቸው።