ከሩቅ ያለ ይቅደም

የስኮትላንዷ የጎልፍ ከተማ ሴንት አንድሩስ ላይ ጎልፍ ለመጫወት ሁለት በር አለ። አንደኛው ኦልድ ኮርስ ነው፤ በበጋ ከ300 ፓውንድ በላይ ያስከፍላል፣ ሃንዲካፕህን (የችሎታህን ደረጃ የሚናገረውን ቁጥር) አሳይ ይላል፣ ያም ሆኖ ዕጣ ካልወጣልህ ደጅ ጠንተህ ትመለሳለህ። ሁለተኛው እዚያው ጎኑ የተዘረጋው ሂማላያስ የሚሉት የሣር ሜዳ ነው። እዚህ ጥቂት ፓውንድ ትከፍላለህ፣ አንድ ዱላና አንድ ኳስ ይሰጡሃል፣ ማንነትህን የሚጠይቅ የለም። ቤተሰቡን ይዞ ከለንደን ወደ ስኮትላንድ ለዕረፍት የወጣ ሐበሻ በየትኛው በር እንደሚገባ መቼም ግልጽ ነው። ከኤደንብራ በባቡር የሚመጣ ከሆነ ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ከተማዋ ጣቢያ የላትም፣ ሉከርስ ላይ ወርዶ አውቶቡስ መያዝ አለበት።

ሜዳው የሴቶች ነው። የሴንት አንድሩስ ሴቶች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1867 ሲሆን፣ ሜዳውን ያበጀላቸው የዘመኑ የጎልፍ ሊቅ ኦልድ ቶም ሞሪስ ነው። ያኔ ጨዋ ሴት ዱላ ከትከሻዋ በላይ ብታነሳ ነውር ነበር፤ ስለዚህ መሬት ለመሬት የሚገፋው ጨዋታ ብቻ ተፈቀደላት። ዘነዘና ሲያነሱ ሲጥሉ የኖሩ እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እግዜር ይወቅ። የሆነው ሆኖ ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ አባላቱ በማይጫወቱበት ሰዓት ሜዳው ለመጣው ሁሉ ክፍት ነው።

እዚህ ረጅም ምት የለም። አሸዋ የለም፣ ኩሬ የለም፣ ጫካ ገብታ የምትጠፋ ኳስም የለችም። ያለው የጎልፍ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው፤ ኳሷን በሣር ላይ ገፍቶ ጉድጓድ ማስገባት፣ 18 ጊዜ። ጉዱም ከዚሁ ይጀምራል። ጉልበት አይፈልግም፣ ዕድሜ አይመርጥም፣ ውድ ዕቃ አያስገዛም፤ ስለዚህ ለመሸነፍ የሚሆን ሰበብ የለም። ጋሼ ወገባቸውን ማሳበብ አይችሉም፤ የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው በዚያው ዱላ እየመራቻቸው ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ሰው ያታልላል። ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ኳሷ 42.67 ሚሊ ሜትር ነች፤ ሁለት ኳስ ጎን ለጎን ቢገባ ቦታ ይተርፋል። ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቸግረው?» ይላል። የሚያስቸግረው ይህ ነው፦ ስትመታ የዱላው ፊት በአንድ ዲግሪ ብቻ ከዞረ፣ ኳሷ ሦስት ሜትር ስትደርስ ከመስመሯ 5 ሳንቲ ሜትር ወጥታለች፤ ከጉድጓዱ መሐል እስከ ከንፈሩ ደግሞ 5.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህም ለጥ ባለ መሬት ላይ ነው፤ ሂማላያስ ላይ ለጥ ያለ መሬት ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ካለ ያሳየን። እንጀራቸው ይኸው የሆነ የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎች እንኳን ከ2.4 ሜትር ላይ የሚያስገቡት ከሁለት አንዱን ነው፤ ከ6 ሜትር ላይ ከመቶ 15 ያህሉን። እንግዲህ ትናንት ማታ ዩቲዩብ ላይ ሁለት ቪዲዮ አይቶ የመጣው የአጎት ልጅ ከ10 ሜትር ሲስት «ዱላው ልክ አይደለም» ቢል፣ ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

ግን ገና ኳስ ሳይመታ የሚነሳ ችግር አለ። ማን ይጀምር?

«ጋሼ ይጀምሩ።»
«ኧረ አይሆንም! እትዬ እያሉ?»
«በሞቴ አንተ ጀምር፣ እኔ አይቼ ልማር።»
«እርስዎ እያሉ እኔ? ምን ሲደረግ!»

ይህ ሲሆን ከኋላ አራት ጀርመናውያን ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ለዚህ ሁሉ ጎልፍ የቆየ መልስ አለው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ በዕጣ ይጀመራል፤ ከዚያ በኋላ ያለፈውን ጉድጓድ በጥቂት ምት የጨረሰ በቀጣዩ ይቀድማል፤ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ከመቱ በኋላ ደግሞ ከጉድጓዱ የራቀ ነው የሚመታው። ዕድሜ፣ ማዕረግ፣ አማትነት አይገባበትም። ስንት ሰው የሚለውም ከወዲሁ ይታሰብበት፤ አራት ሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፣ ዘጠኝ ሆኖ እንደ ሠርግ አጃቢ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ግን ሜዳውን ይዘጋዋል። ሁለት ቦታ መከፈል ነው፤ ተኳርፈው የመጡት እግረ መንገዳቸውን ይለያያሉ።

አሁን ወደ ምቱ። ገና ሲጫወት ያደገ ሰው ዱላ ሲጨብጥ ክንዱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሩሯን ከሜዳ ሜዳ ማሻገር። እዚህ ያ ክንድ ጠላት ነው። እግርን በትከሻ ስፋት ከፈት አድርጎ መቆም፣ ዓይን በኳሷ አናት ትክክል እስኪሆን ጎንበስ ማለት፣ ክንድን ማንጠልጠል፣ እጀታውን ለቀቅ አድርጎ መያዝ። ከዚያ የሚንቀሳቀሱት ትከሻና ክንድ ብቻ ናቸው፣ አብረው። አንጓ አይታጠፍም፤ ከታጠፈ የዱላው ፊት ይዞራል፣ ያቺ አንድ ዲግሪ ደግሞ አምስት ትሆናለች። ዱላው ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ከሄደ ወደ ፊትም ቢያንስ ያንኑ ያህል ይሂድ። ራቅ ላለ ጉድጓድ የሚጨመረው የጉዞው ርዝመት ነው እንጂ ቁጣ አይደለም። ኳሷ የት ደረሰች ብሎ ቶሎ ቀና ማለትም አያዋጣም፤ ጭንቅላት ሲነሳ ትከሻ አብሮ ይከፈታል። አንዳንዱ ሰው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያለ ይሥቃል፤ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ግን ጌታው ራሱ ሲቆጣ ይገኛል።

የሚያስቆጣው ጉብታው ነው። ሜዳው ሂማላያስ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ አንዳንዱ ጉብታ ሕፃን ቢቆምበት ከወዲያ በኩል ያለውን አባቱን ይጋርደዋል። ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ጫፉ ጋ ልትደርስ ስትል ታመነታለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ መቺው እግር ሥር ትመጣለች። ሁለተኛ ይመታል፣ ትመለሳለች። ሦስተኛው ላይ በንዴት ይልካታል፤ አሁን ጉብታውን ዘልላ፣ ጉድጓዱን አልፋ፣ የሌላ ቤተሰብ ጨዋታ መሐል ትገባለች። ስህተቱ ዓይኑን ጉድጓዱ ላይ ማድረጉ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚነጣጠረው የጉብታው አናት ነው፤ ኳሷ እዚያ ነፍሷ ልትወጣ ሲል ከደረሰች የቀረውን ቁልቁለቱ ይጨርሰዋል።

የጎን ተዳፋት ሌላ ትምህርት ነው። ከኳሷ ኋላ ሆኖ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ወደ ዝቅተኛው ጎን ዞሮ፣ መንገዱ መካከል ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ «እዚህ ባልዲ ውኃ ቢደፋ ወዴት ይወርዳል?» ብሎ ማሰብ ነው። ይህን ቶሎ የሚረዳው ሠፈር ውስጥ ብይ ሲጫወት ያደገ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ተዳፋቱን አሳንሶ ያየዋል፣ ስለዚህ በታችኛው በኩል ይስታል። ማወቅ ያለበት፣ ኳሷ የምትታጠፈው ፍጥነቷ ሲቀንስ ነው፤ መሬቱ ለመጎተት ጊዜ የሚያገኘው ያኔ ነው። ስለዚህ የመንገዱ መጀመሪያ ያለው ተዳፋት ብዙ አያስፈራም፣ ጉድጓዱ አጠገብ ያለውን መፍራት ነው። ጠዋት ሣሩ ጤዛ ከያዘ ኳሷ ትዘገያለች፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲያደርቀው ያው ምት ሁለት ሜትር አሳልፎ ይልካታል። ነፋስ ካልን አይቀር፣ በሐምሌም ቢሆን ጃኬት ይያዝ፤ የሰሜን ባሕር በጋ መሆኑን የነገረው የለም።

ሁሉም ተጫዋች ዕለቱን አሠልጣኝ ሆኖ ያመሻል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። አንዱ ሊመታ ሲያጎነብስ «ወደ ግራ!» «ኧረ ወደ ቀኝ!» «ቀስ በይ!» ይባላል፤ ከመታች በኋላ «ብዬሽ ነበር» ይከተላል። የጎልፍ ወግ ግን ሰው ኳሱ ላይ ቆሞ ሳለ ዝም ማለት ነው። ጥላ እንኳን መንገዱ ላይ አይጣልም። በሌላው ሰው ኳስና በጉድጓዱ መካከል አይረገጥም፤ የጫማ ዱካ ጎርበጥ ያደርገዋል። ባለ ተረከዝ ጫማ ከሆነማ ሜዳው ወንፊት ይሆናል። ፎቶ አንሺውም «አንዴ ቆዩ፣ ባሕሩ ይግባ!» ሲል ቤተሰቡን የሚደረድረው ምንጊዜም የሰው መስመር ላይ ነው።

ቆሎስ? በወረቀት ተቋጥሮ የመጣ ቆሎ ከእጅ እጅ ሲዞር ሁለት ሦስት ፍሬ መውደቁ አይቀርም። ኳሷ 46 ግራም ገደማ ብቻ ናት፤ መጨረሻ ላይ እየተዳከመች ስትመጣ አንዲት የገብስ ፍሬ ትነካለች፣ ነጠር ትላለች፣ ከጉድጓዱ ከንፈር ጎን ትቆማለች። ደግነቱ ሕጉ አለ፤ ቅጠል፣ ጠጠር፣ እንጨት የመሰለ ልቅ ነገር ሁሉ ከመስመር ላይ በእጅ ይነሳል፣ ቅጣት የለውም። ሲያነሱ ኳሷ ሳይታሰብ ብትነቃነቅ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ ይኸው ነው። የሰው ኳስ መንገድ ከዘጋች ደግሞ ሳንቲም ከኋላዋ አስቀምጦ ማንሳት ነው፤ ሳንቲሙን ከፊቷ የሚያስቀምጥ ወደ ጉድጓዱ እየተጠጋ ነው።

ቆጠራው ላይ ሒሳባችን ልዩ ነው። «ስንት መታህ?» ሲባል መልሱ ከረጅም ዝምታ በኋላ ይመጣል፦ «አራት... መሰለኝ።» አምስት ሰው ሰባት ጊዜ ሲመታ አይቶታል። «የመጀመሪያዋማ ሙከራ ናት!» ይላል። ሙከራ የሚባለው ኳስ የሌለበት ውዝዋዜ ነው፤ ኳሷን ለመምታት አስቦ ከነካት፣ አንድ ጣት ብቻ ብትሄድም ምት ናት። ጠብ እንዳይነሳ ከመጀመሪያው ጉድጓድ በፊት ሁለት ነገር ይወሰን። አንደኛ፣ የመጨረሻው ቁጥር ስድስት ይሁን፤ ስድስት የደረሰ ኳሱን አንስቶ ይለፍ። ሁለተኛ፣ ካርዱን የቤቱ ትንሽ ልጅ ይያዘው፤ ልጅ አይፈራም፣ ይሉኝታም ገና አልያዘውም።

ይሉኝታው የሚከፋው ኳስ ጉድጓዱ አጠገብ ሲቆም ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲጋጠም አንዱ ለሌላው «ገብታለች በላት» ብሎ መተው በጎልፍ የተፈቀደ ነው። አሜሪካና ብሪታንያ በሚጋጠሙበት በ1969 የራይደር ዋንጫ፣ እንግሊዝ አገር ሮያል በርክዴል ሜዳ ላይ፣ አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ ለእንግሊዛዊው ቶኒ ጃክሊን የመጨረሻዋን አጭር ምት ተወለት፤ ሁለቱ ቡድኖች 16 ለ16 አቻ ወጡ። የአሜሪካ ቡድን አለቃ ሳም ስኒድ በዚህ ደስ አላለውም። እኛ ዘንድ ስኒድ የሚባል የለም፣ ሁሉም ኒክላውስ ነው፦ «ኧረ ተዉት፣ ገብታለች!» «በሞቴ ቁጠሩላቸው!» ኳሷ ግን ሦስት ሜትር ላይ ናት። ምት ተቆጥሮ ጠቅላላው በሚደመርበት ጨዋታ በሕጉ እንዲህ ያለ ችሮታ የለም። ለጨዋታ ያህል ግን ጎልፈኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፦ የዱላው ራስ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ዱላው ይጋደማል፣ ኳሷ ከጉድጓዱ እስከ እጀታው ጎማ መጀመሪያ ባለው ውስጥ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ከሆነች ትተዋለች። ባል ለሚስቱ፣ ወንድም ለወንድሙ በዚሁ ይለካ። ለአማት ግን ዱላው እስከ ጫፉ ይቆጠራል፤ ካልደረሰም ሌላ ዱላ ይቀጠላል።