የሞተ ሆቴል አንገቱ ረጅም ነው

እንደ ቢሾፍቱ ወዳጆች ታሪክ አክባሪ ከወዴት ይገኛል? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር 45 ኪሎ ሜትሩን ከአዲስ አበባ የምንወርደው ሁሉ ሽልማት ይገባናል። የምናከብረው ታሪክ አስቀድሞ መፍረስ አለበት እንጂ ሌላ እንከን የለብንም።

ሐይቅ ዳር ያለው አሮጌ ሆቴል ቆሞ ሳለ ማን ዞር ብሎ አየው? አስተናጋጁ ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ባዶ ወንበር ሲጠብቅ ይውላል። እኛ በበሩ አልፈን አዲስ የተከፈተው ዘንድ ነን። እውነታችንን ነው! አሮጌው ቤት ፎቶ መነሻ የፕላስቲክ አበባ ግድግዳ የለውም። ሙዚቃውም ዝግ ያለ ነው፤ አብሮህ የመጣው ሰው የሚለው ሁሉ ይሰማሃል። ለዚህ ነው ነዳጅ የተቃጠለው?

የቆርቆሮ አጥር የታጠረበት ቀን ግን ፍቅራችን ይገነፍላል። ኤክስካቫተሩ ሞተሩን ሳያሞቅ እኛ ፌስቡክ ላይ ድንኳን ጥለናል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይለጠፋል፦ ቦላሌ የለበሱ ጎረምሶች፣ አፍሮ ያበጠረች ቆንጆ፣ ከኋላ ሐይቁ። ከሥሩ ሙሾው ይወርዳል። «አይ ደብረ ዘይት!» «አባቴ እዚህ ነበር የሚያመሹት!» በ1990 የተወለደው ሳይቀር፣ በደርግ ሰዓት እላፊ በር ተዘግቶ እስከ ንጋት እንዴት ይጨፈር እንደነበር አብሮ እንዳነጋ ሰው ይተርካል። መቼም ለቅሶ ላይ ዕድሜ አይጠየቅም።

እነዚህ ቤቶች ስንቱን ችለዋል! ጃንሆይ እዚያው ሐይቅ ዳር ቤተ መንግሥት የነበራቸው ጊዜ አለፈ። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ሆቴሉ የመንግሥት ሲሆን፣ ኋላ ደግሞ «ወደ ግል ይዙር» ተብሎ በጨረታ ሲሸጥ፣ አሮጌው ባቡር ከተማዋን ማቋረጡን ሲተው፣ ሁሉን ቆመው አዩ። ያልቻሉት የኛን ፍቅር ብቻ ነው።

ባለሀብቱም ቢሆን ውለታ አይረሳም። ሰማያዊ መስታወት የለበሰውን «ኢንተርናሽናል» ሲያስመርቅ፣ ያንኑ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ይሰቅለዋል። እኛ እየተሻማን ከፊቱ ፎቶ እንነሳለን።

ጥቂት አሮጌ ቤቶች ገና አሉና አደራ፣ ማንም ገብቶ ማኪያቶ እንዳያዝ። ገበያ ካገኙ ይከርማሉ፤ ከከረሙ ደግሞ በምን እናልቅስ?