ጀነሬተሩ ውኃም ያፍላልን

የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ከተመረቀ ወዲህ ስለ ጀነሬተር ማውራት ነውር መስሏል። “5,150 ሜጋ ዋት እያለልህ?” ይሉሃል። ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ያለ ሰው ግን መልሱን ያውቃል። ግድቡ ቢሞላም ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ሽቦ ይበጠሳል።

መብራቱን እንኳ እንተወው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሙቀቱ ነው። ሱሉልታ አንድ የወተት እርባታ ግቢ ውስጥ ጀነሬተሩ ናፍታ እየጠጣ ይጮሃል፤ ራዲያተሩ ትኩስ አየር ወደ አጥሩ ይተፋል። እዚያው አጠገቡ አንዲት ሴት የወተት ዕቃ ማጠቢያ ውኃ በበርሜል ጥዳ፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ዓይኗን ያነድደዋል። ከበረቱ ጀርባ ደግሞ የእበት ክምር አለ። ነዳጁም ሙቀቱም ግቢ ውስጥ እያለ ናፍታና እንጨት ይገዛል!

ትንሽ ሞተር ከነዳጁ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ቢበዛ ሲሶውን ነው። ቀሪው በማርሚታውና በማቀዝቀዣው ውኃ በኩል ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ያ ውኃ ከ80 ዲግሪ በላይ ይግላል። ሙቀቱን በቱቦ ወደ ውኃ ጋን ማሻገር የረቀቀ ጥበብ አይጠይቅም፤ አውሮፓ ውስጥ ባዮጋዝ፣ ማለትም እበት ሲብላላ የሚወጣውን የሚነድ ጋዝ፣ የሚያመርቱ ገበሬዎች ሲሠሩበት ኖረዋል።

50 ላሞች ያሉት እርባታ እንውሰድ። በቀን 1,000 ኪሎ እበት አያጣም። በደንብ ከተብላላ 35 ሜትር ኩብ ገደማ ባዮጋዝ ይወጣዋል። ይህን ጋዝ ሞተሩ ሲያነደው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል መብራት ይገኛል፤ ወተት ለማቀዝቀዝ አያንስም። ሙቀቱ ደግሞ ከ1,000 ሊትር በላይ ውኃ 70 ዲግሪ ያደርሳል። የእኛ አገር መብራት ርካሽ ነውና ለኤሌክትሪኩ ብቻ ብሎ ሞተር የሚገዛ ሰው ይከስራል። ሒሳቡን የሚያስተካክለው ሙቅ ውኃው ነው። ስለዚህ የሞተሩ መጠን የሚመረጠው በሚፈለገው ውኃ ልክ ይሁን።

የሱሉልታ ብርድም አለ። እበቱን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች 35 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚመቻቸው፤ ብርድ ላይ ይለግማሉ። ከሞተሩ ሙቀት የተወሰነው ወደ ማብላያው ጉድጓድ መመለስ አለበት፤ ያ ከላዩ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል።

ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በምን ይጣራል? ሳይጣራ ከገባ ሞተሩን በልቶ ይጨርሰዋል። ሁለተኛ፣ የተጻፈበት ጉልበት ለየትኛው ከፍታ ነው? እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል።

አምስት ላም ብቻ ያለው ሰው ግን ሞተር አያስፈልገውም። ጋዙን በቀጥታ ምድጃ ላይ ያንድደው።