ማስተካከያ፦ ስለ ግላሩስ ወረዳዎች መዋሃድ

በስዊዘርላንዷ ተራራማ ካንቶን (የራሱ መንግሥት ያለው ክልል) በግላሩስ የነበሩት 25 የአካባቢ አስተዳደሮች ወደ 3 የተጠቃለሉት «በካንቶኑ መንግሥት ትእዛዝ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው።

የካንቶኑ ይፋዊ ሰነዶች እንደሚያሳዩት የመንግሥት ሐሳብ 10 አስተዳደሮች እንዲቀሩ ነበር። በግንቦት 2006 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሕዝብ ጉባኤ ላይ አንድ ተራ ዜጋ ተነሥቶ «3 ይበቃል» አለ፤ አደባባይ የቆመው ሕዝብም የድምፅ መስጫ ካርዱን ከፍ አድርጎ አጸደቀለት። እዚያ ድምፅ አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ የጉባኤው መሪ ብዛቱን በዓይኑ ገምቶ ይወስናል (ይህን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር)። ነገሩ ብዙ ስላነጋገረ በኅዳር 2007 ሌላ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠርቶ ውሳኔው ጸና። ግላሩስ ሰሜን፣ ግላሩስ እና ግላሩስ ደቡብ ሥራ የጀመሩት በጥር 1 ቀን 2011 ነው።

ሌላም አለ። «በግላሩስ ሴቶች እስከ 1990 ድምፅ አይሰጡም ነበር» ያልኩት የአፐንዜል ኢነርሮደን ታሪክ ነው። በፌዴራሉ ፍርድ ቤት ውሳኔ በ1990 ሴቶች በካንቶኑ ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጡ ለመፍቀድ የተገደደው ያ ካንቶን ነው። የግላሩስ ሴቶች መብቱን ያገኙት በ1971 ነው።

በዚህ ምክንያት «ከላይ የወረደ ማሻሻያ» የሚለው መደምደሚያዬ አይቆምም፤ ከጽሑፉ አውጥቼዋለሁ። ስለ ውህደቱ ምሳሌ አድርጋችሁ ያጋራችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህንን አያይዙበት።