የሰንበቴው መዝገብ ወረርሽኝ ሳይመጣ ይታደስ

በኅዳር 2018 ዓ.ም ጂንካ ውስጥ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ይፋ ሲሆን፣ እዚህ ጅማ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰማው ጨዋታ ወዲያው ተለወጠ። «እንደ ኮሮናው ጊዜ ደጁ ይዘጋ ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ከአረጋውያኑም ከወጣቶቹም አፍ ሰማሁ። በሳምንቱ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ እንደ ወጉ ቆሻሻ ተጠርጎ ተቃጠለ። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም አገሩን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የሆነውን በጭስ የምናስብ ሕዝብ፣ ትናንት ያለፍንበትን ግን ቶሎ የረሳነው ይመስለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፦ በኮሮናው ጊዜ ፈልገን ያጣናቸው ምእመናን ዛሬም ብንፈልጋቸው አናገኛቸውም።

ነገሩን ላስታውስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ወሩ ሳይወጣ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ እጅ መጨባበጥም እንዲሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ሲውል ምእመኑ በየቤቱ እንዲጸልይ ተነግሮት፣ ቅዳሴው በጥቂት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ተቀደሰ። የሰሙነ ሕማማት ስግደት በየሳሎኑ ሆነ፤ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን በየጓዳው ተበላ። ዕድሜውን ሙሉ የትንሣኤን ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያሳለፈ ሰው፣ ጧፉን ይዞ ቤቱ ሲቀር የሚሰማውን ላልቀመሰው ማስረዳት ይከብዳል።

በዚያ ጭንቀት ውስጥ መልካም ነገር አልጠፋም። የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ከመጋቢት 28 ጀምሮ ለአንድ ወር ያወጀው ጸሎት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አባቶች በየተራ ሲጸልዩ ማየት ያጽናና ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙሩንና ስብከቱን በፌስቡክ ማስተላለፍ ጀመሩ። ብዙዎች «ቤተ ክርስቲያን ወደየቤታችን መጣች» ብለው ተደሰቱ፤ ደስታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የደረሰው ቴሌቪዥንና ዘመናዊ ስልክ ላለው ሰው ነው። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ደግሞ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። ስብከቱም መዝሙሩም በአንድ ቀን ጸጥ አለ። ለምእመኑ የቀረው የስልክ ጥሪና የጎረቤት እግር ነበር።

በዚያን ጊዜ ጉባኤያችንን ይዞ ያቆየው የሰንበቴው፣ ማለትም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተራ ማዕድ የሚያቀርበው የምእመናን ማኅበር፣ ደብተር መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ደብተሩን የሚይዙት እናት ዘመናዊ ስልክ የላቸውም። ገጹ በተራ የተሰመረ ነው፤ ማን በየትኛው እሑድ ዳቦና ጠላ እንደሚያቀርብ፣ ማን መዋጮ እንደቀረበት፣ ማን ኀዘን ላይ በመሆኑ ተራው እንደተላለፈለት ከስሙ አጠገብ ተጽፏል። እርሳቸው ያንን ገጽ ከላይ እስከ ታች እየተከተሉ መደወል ጀመሩ። ሰላምታቸው አጭር ነበር፤ ወዲያው «ዛሬ ምን ቀመሱ? የደም ግፊት ክኒንዎ አላለቀም?» ወደሚለው ይሻገራሉ። ክኒን ያለቀባቸው አረጋውያን፣ ሽሮ ያለቀባቸው ቤቶች፣ ባሏ የቀን ሥራ አጥቶ ለሰው መናገር ያፈረች አራስ የታወቁት በዚህ ጥያቄ ነው። ወጣቶቹ ስንቁን ተሸክመው በር ላይ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር።

ችግሩ የታየው ደብተሩ ውስጥ ስልክ ያልተጻፈላቸውን ለመፈለግ ሲወጣ ነው። እኛ በቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቀው በክርስትና ስም ነው። ደብተሩ «ወለተ ማርያም» ይላል፤ ያውም ከአንድ በላይ ወለተ ማርያም አለ። ወጣቶቹ ቆጪ ሰፈር ገብተው «የወለተ ማርያም ቤት የት ነው?» ብለው ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ፤ ጎረቤት የሚያውቃቸው በዓለም ስማቸው ነውና። በየእሑዱ አብረውን ያስቀደሱ፣ ከአንድ ሞሰብ አብረውን የበሉ አዛውንት ቤታቸው የት እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች አልነበርንም። አንዳንዶቹ የተገኙት ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከደብተሩ ውጭ የቀሩትም አሉ። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን ማዕድ ቤት ነው፤ የሰንበቴው ትራፊ፣ የዝክሩ እንጀራ፣ የስእለቱ ሳንቲም እዚያ ይደርሳቸዋል። ምእመኑ ቤቱ ሲቀር እነርሱ የዕለት ጉርሳቸው ቀረ። ለመነጋገር ስንሰበሰብ ስለ ቅዳሴውና ስለ ቁርባኑ ብዙ ተባለ፤ መባሉም ተገቢ ነው። ስለ ደጁ ግን መጀመሪያ ያነሣ ሰው አልሰማሁም። የአብነት ተማሪዎቹም እንዲሁ ነበሩ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጅ ለደጅ ዞረው የሚማሩ ልጆች፣ ሰው ሁሉ በሽታ ፈርቶ በሩን ሲቆልፍ ኮፊዳቸው ባዶ ቀረ። አንዳንድ ቤተሰብ ምጣዱን በሳምንት አንድ ቀን ለእነርሱ ለይቶ እየጋገረ በዲያቆናት እጅ ይልክ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እንዲህ ያለው ቸርነት ግን አስቀድሞ ተራ ቢወጣለት ኖሮ ሁሉም በጠገበ ነበር።

ጅማ ላይ ስለ መረዳዳት ሲነገር የእድሩን ነገር መዝለል አይቻልም። በሰፈራችን እድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት፤ መዝገቡም ከሰንበቴያችን ደብተር እጅግ የተሻለ ነው። የአባወራው ስም፣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ የተጠሪው ስልክ ተጽፏል። ያኔ ድንኳን መትከልና ለቅሶ መቀመጥ ሲቀር እድሩ ገንዘቡን ወዲያው ለኀዘንተኛው አደረሰ። ፋሲካን ባከበርን በአምስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 16፣ ረመዳን ገባ፤ መስጊድ ተሰብስቦ ተራዊህ መስገድ የቀረበት ጎረቤታችን የእኛን ሕመም ለማወቅ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ከላይ ካነሣኋቸው አረጋውያን የአንዷን ቤት ለወጣቶቻችን ያሳዩት አንድ ሙስሊም የእድር ዳኛ ናቸው። «እናንተ የምትሏትን አላውቅም፤ ብቻዋን የምትኖር፣ ጠዋት ጠዋት ነጠላ ለብሳ የምትወጣ አንዲት እናት ግን አለች» አሏቸው።

በሌላ በኩል፣ በወረርሽኝ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን መራቅ የእምነት ጉድለት ነው የሚሉ ወገኖች ያኔም ነበሩ፤ ዛሬም ሲናገሩ እሰማለሁ። ከልባቸው እንደሚናገሩ አውቃለሁና አላቃልላቸውም። የማኅበረሰብን ጸሎት ምንም አይተካውም በሚለውም እስማማለሁ። ነገር ግን ታማሚ እንዲጠየቅ ያዘዘችው ይህችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ካህኑ መስቀሉንና ጠበሉን ይዞ ወደ ታመመው ቤት ሲሄድ የኖረው ለዚህ ነው። ደጁ ክፍት ሆኖ ቢቆይ እንኳ የሰማንያ ዓመት እናት፣ የስኳር ሕመምተኛው፣ አራሷ በወረርሽኝ ጊዜ ቤት ይቀራሉ። እነርሱን ቤታቸው ድረስ ማግኘት የግድ ነው፤ ክርክሩ የትኛውም ወገን ቢረታ ይህ ሥራ አይቀርም።

ሥራውን ለመጀመር አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት፣ የታመመውን፣ የተጣላውን፣ የተቸገረውን ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን በልቡ ነው። አባት ሲያርፉ ወይም ወደ ሌላ ደብር ሲዛወሩ ያ ሁሉ ዕውቀት አብሮ ይሄዳል። ኑዛዜው በምስጢር እንደሚጠበቅ ሁሉ ይጠበቅ፤ የክርስትናና የዓለም ስም፣ የሰፈር ምልክት፣ የራስ ወይም የጎረቤት ስልክ፣ ሳይቋረጥ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ እርሱም ግን በወረቀት ይስፈር። ይህ መዝገብ በዐውደ ምሕረት የሚነበብ መሆን የለበትም። ችግሩ በአደባባይ ከሚሰማበት ጦሙን ማደር የሚመርጥ ስንት ሰው አለ! ሁለት የታመኑ ሰዎች ይያዙት፤ ከእነርሱ አንዷ ሴት ብትሆን እመርጣለሁ፣ እናቶች የጓዳቸውን ነገር ለሴት ቀለል ብሏቸው ይናገራሉና።

የስልክ ካርዱ ወጪ ከሰንበቴው መዋጮ ይሸፈን። ያኔ ደብተሩን የያዙት እናት ከኪሳቸው ነበር የሚከፍሉት፤ ማንም አልጠየቃቸውም፣ እርሳቸውም አልተናገሩም። ዛሬ ቴሌብር ስላለ መዋጮውንም እርዳታውንም በቀላል ስልክ መላክ ይቻላል። ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከከፋ፣ ከዳውሮና ከኢሉባቦር ታማሚ ይዘው የሚመጡ፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌላቸው አስታማሚዎችም በተራው ውስጥ ይታሰቡ። እነርሱ በደኅናውም ቀን ይራባሉ፤ ለእነርሱ ምግብ ማድረስ የለመደ ሰንበቴ በክፉ ቀን መንገዱ አይጠፋበትም።

ሰበካ ጉባኤው አንድ ደብተርና ሁለት ሰው ቢመድብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሰፈር ሰፈር ተከፋፍለው ቢወጡ፣ ምዝገባው ከፍልሰታ ጾም በፊት ያልቃል። በፍልሰታ ልጆቹም እናቶቹም ለቁርባን ስለሚመጡ የጎደለው ያኔ ይሞላል።