የልጁ ስም ላይ የሚወስኑት ሁለት ሰዎች ናቸው

አንዲት ባልደረባዬ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። ሴት መሆኗ ታውቋል። እሷና ባለቤቷ ስሙን ከመረጡም ቆይተዋል፤ ሸዋረገድ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የታገለችውን፣ ታስራና ተሰቃይታ ያልተንበረከከችውን ሸዋረገድ ገድሌን አስበው ነው። ስሙን ለቤተሰብ የነገሩ ዕለት ግን ቤቱ ተረበሸ። «ምነው ልጄ፣ የአሮጊት ስም ለጨቅላ?» አሉ እናቷ። እህቷ «ትምህርት ቤት ይስቁባታል» አለች። አማቷ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ስም ይፈልጋሉ። ቨርጂኒያ ያሉት አክስቷ ደግሞ ደውለው «ይሄንን ፈረንጅ እንዴት ብሎ ይጠራዋል?» አሉ። ያን ያህል የወደደችውን ስም አሁን ስትናገር ድምጿ ዝቅ ይላል። ይሄ አሳዝኖኛል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። መዝገብ ላይ የሚሰፍረውን ስም መምረጥ ያለባቸው እናትና አባት ናቸው። አያት፣ አክስት፣ የክርስትና እናት በስም ነገር ድርሻ የላቸውም ማለቴ አይደለም። አላቸው። የእኛ ባህል ለሁሉም ቦታ ሰጥቶ የኖረ ነው። አሁን የጠበበው ያ ቦታ ነው።

እስቲ ወላጆቻችንን እናስብ። በአንድ ስም ብቻ ተጠርቶ ያደገ ስንቱ ነው? በኦርቶዶክስ ቤት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል። ወለተ ማርያም ወይም ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። ያ ስም ለጸሎት፣ ለቁርባን፣ በስተመጨረሻም ለፍትሐት የሚነሳ ነው። ትምህርት ቤት የሚታወቁት በዓለም ስማቸው ነው። ቤት ውስጥ ማሚቱ፣ ማሞ፣ ባቡሽ ይባላሉ። አያት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጪ ራሷ ባወጣችው ስም ትጠራለች፤ እስክታልፍም በሌላ አትጠራም። በሰሜኑ ገጠር ሙሽራዋ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም የምታወጣላት አካባቢ አለ። ከዚያ በኋላ የባል ዘመድ የሚጠራት በዚያ ነው።

ነገሥታቱም እንዲሁ ነበሩ። ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ታጠቅ ናቸው። ምኒልክ በልጅነታቸው ሣህለ ማርያም ይባሉ ነበር፤ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የተጠሩበት ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የነበራቸው የክርስትና ስም ነው።

እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ አንዱ ያወጣው ስም ለሌላው ባይጥመው ብዙ ጠብ አይነሳም። አያት «እኔስ ደስታ ነው የምላት» ትልና ትጠራታለች። አለቀ። ልጅቷም ለሁለቱም አቤት ትላለች።

ዛሬ ግን አንዱ ስም ከሌላው እጅግ ከብዷል። የክትባት ካርዱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ቤት መዝገቡ፣ ፓስፖርቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስም ይፈልጋሉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በዚያች አንዲት መስመር ላይ ነው። ድሮ ለአራትና ለአምስት ስም ይከፋፈል የነበረው ፍላጎት አሁን እዚያች መስመር ላይ ይጋፋል። ክርክሩን እንዲህ ያከረረው ይሄ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም የማውጣቱን ቅድሚያ የሰጠው ለአባት ነው፤ አባት ከሌለ ደግሞ ለአባት ዘመዶች። የዚያ አስተሳሰብ ርዝራዥ ዛሬም በየቤቱ አለ። «ስም የሚወጣው በአባት ወገን ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እናት ለገዛ ልጇ ስም እንግዳ ስትሆን ማየት አልወድም። ሕፃኑ ሁለተኛ ስም አድርጎ የሚይዘው የአባቱን ስም ነው፤ ሦስተኛው የአያቱ፣ እሱም የአባት አባት። እናት አሻራዋን የምታሳርፍበት የመጀመሪያው ስም ብቻ ነው። እሱንም መቀማት ተገቢ አይደለም።

ወላጆች የሰው አስተያየት ይናቁ ግን አልልም። «አልወደድኩትም» የሚለውን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት አያስፈልግም። «ቃናው አይጥመኝም» የሚል ሰው የራሱን ምርጫ ነው የነገራችሁ። አመስግኖ ማለፍ ይቻላል። የባልደረባዬ እህት ያነሳችው ሳቅም አያሳስበኝም። ሸዋረገድ ማን እንደነበረች እያወቀች የምታድግ ልጅ በስሟ ትኮራለች እንጂ አታፍርም።

አንዳንዱ ተቃውሞ ግን ከሐዘን ይመጣል። ያ ስም በልጅነቱ የሞተ ወንድም ስም ሊሆን ይችላል። ወይም አያት ሲጠሩት እጅግ የበደላቸውን ሰው የሚያስታውሳቸው። ሰው ይሄንን በሰው ፊት አይናገርም፤ ዝም ብሎ «ሌላ ፈልጉ» ይላል። ስለዚህ ለብቻ ወስዶ «እማማ፣ ምን ሆነው ነው ያልወደዱት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱን ሰምቶ ስሙን መቀየር መሸነፍ አይደለም።

ሌላም ፍርሃት አለ፤ ባለፉት ዓመታት የበረታ። «ስሟን አይተው ብሔሯን ያውቃሉ፣ ሃይማኖቷን ያውቃሉ» የሚል። ይሄንን የሚሉ ወላጆች ያዩትን አይተው ነው፤ ልንነቅፋቸው አንችልም። በተለይ እናትና አባት ከተለያየ ብሔር ወይም ሃይማኖት ሲሆኑ ስሙ ወዴት እንዳዘነበለ የሚለካ ዘመድ አይጠፋም። ብዙዎች ሰላም፣ ደስታ፣ ሀሴት ወደሚሉ ስሞች የሚሄዱት በዚህ ምክንያትም ይመስለኛል። ጥሩ ስሞች ናቸው። ቢሆንም ልጆቻችንን በስም ከመደበቅ ይልቅ እንደ ወሎ ብንሆን እመኛለሁ። እዚያ ክርስቲያን ሆኖ የአባቱ ስም መሐመድ የሆነ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ነው።

ወደ አክስቲቱ ጥያቄ ልምጣ። ውጭ አገር የሚያድግ ልጅ ስም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ጸ፣ ቀ፣ ጠ ያለባቸው ስሞች በፈረንጅ አፍ ይሰበራሉ። ልጁ በየዓመቱ አዲስ አስተማሪ በመጣ ቁጥር ስሙን ማስተካከል አለበት። አድካሚ ነው። ነገር ግን ለሌሎች ምላስ ተብሎ ስም ሲቀየር ምን እንደሚሆን አይተናል። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ብዙዎቹ፣ በተለይም ልጆቹ፣ እዚያ እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ባለሥልጣኑና አስተማሪው እንዲቀላቸው፣ እነሱም ቶሎ እንዲዋሐዱ ተብሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ አድገው ወላጆቻቸው ወዳወጡላቸው የአማርኛ ወይም የትግርኛ ስም የተመለሱ አሉ። አማርኛውን ከዕብራይስጡ ጋር አጣምረው የያዙም አሉ። ውጭ ያላችሁ ወላጆች፣ ስሙን ከወደዳችሁት ያዙት። አስተማሪ ይማራል። ከዚህ ይልቅ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ከመጀመሪያው ቀን ወስኑ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ ልጁ በየቢሮው «እኔው ነኝ» እያለ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ለባልደረባዬ የነገርኳት ይሄ ነው። ስሙን «ምን ትላላችሁ?» ብለሽ አታቅርቢ፤ እንዲህ ካልሽ ሰው ይመልስልሻል። ከተወለደች በኋላ አቅፈሽ «ሸዋረገድ ትባላለች» በይ። በብዙ ቤት ድሮም ልጅ ሳይወለድ ስሙን መጥራት አይወደድም። ለአማትሽ ደግሞ ከልብሽ ቦታ ስጪ። «እማማ፣ እርስዎ በወደዱት ስም ይጥሯት» በያቸው። የክርስትና ስሟ ሲወጣም አጠገብሽ ይሁኑ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ስም የፈለጉት ልጅቷ በረከት እንድታገኝ ብለው ነው፤ የክርስትናው ስም ደግሞ ለዚሁ ነው። እናትሽም «ሸዊት» ብለው ማቆላመጥ ይጀምራሉ፤ እኔ በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

አንድ ተቃውሞ ግን ስሙን ያስቀራል፤ ከሁለቱ ወላጆች የአንዱ። ባል ወይም ሚስት «ይሄ ስም ከአፌ አይወጣም» ካለ ክርክሩ እዚያ ላይ ይቁም። ማግባባት፣ ማባበል፣ በዘመድ ማስመከር አያስፈልግም። በየቀኑ የሚጠራው እሱ ነው፤ ጠዋት የሚቀሰቅሳት፣ ማታ «ነይ እራት» የሚላት። ሁለቱ አብረው ሌላ ይፈልጉ። ለምዝገባው 90 ቀን አላቸው።