ማስተካከያ፦ ሁለት ጊዜ ስለሚበየን ማክሮ

ስለ ሲ (C) የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ አንድ ማክሮ (በኮዱ ውስጥ በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም) በተለያየ ዋጋ ሁለት ጊዜ ቢበየን ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ምንም ሳይል የመጨረሻውን እንደሚወስድ፣ መፍትሔውም ብያኔውን በ«ኢፍንዴፍ» (#ifndef፣ ስሙ ገና ካልተበየነ ብቻ የሚል ትእዛዝ) መክበብ እንደሆነ ገልጬ ነበር። ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የቋንቋው መስፈርት በክፍል 6.10.3 ዳግም ብያኔን የሚፈቅደው ተተኪው ጽሑፍ ከቀድሞው ጋር አንድ ሲሆን ብቻ ነው። በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ቢሰፋ ችግር የለውም፤ 10 እና (10) ግን ዋጋቸው እኩል ቢሆንም ለመስፈርቱ የተለያዩ ናቸው። ልዩነት ካለ ኮምፓይለሩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ጂሲሲ (GCC) የተባለው ኮምፓይለርም ያስጠነቅቅና በአዲሱ ብያኔ ይቀጥላል።

የባሰው ምክሬ ነው። አንድ ሄደር ፋይል (በሌሎች የኮድ ፋይሎች ውስጥ የሚካተት ፋይል) የቋት፣ ማለትም የጊዜያዊ መረጃ ማቆያ፣ መጠንን 256፣ ሌላው 512 ብሎ ቢበይንና ሁለቱም በ«ኢፍንዴፍ» ቢከበቡ፣ ቀድሞ የገባው ያሸንፋል፤ ማስጠንቀቂያውም ይጠፋል። ሄደሮቹን በተለያየ ቅደም ተከተል የሚያስገቡ ሁለት የምንጭ ፋይሎች በዚህ መጠን የተሠራን አንድ ስትራክት (የተለያዩ መረጃዎችን በአንድነት የሚይዝ መዋቅር) በሁለት ልክ ያዩታል። ሊንከሩ (የተተረጎሙትን ፋይሎች የሚያገናኘው ፕሮግራም) አይነቃም፤ ፕሮግራሙ ግን የሌላ መረጃን ማህደረ ትውስታ እየረገጠ ሊጽፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ማደን ቀናት ይፈጃል።

ምክሩን የተከተላችሁ ክበባውን ከቋሚ ዋጋዎች ላይ አንሡና ማስጠንቀቂያው ይታያችሁ። ከዚያ አንዱን ስም በኮድ ቤተ መጻሕፍቱ (ላይብረሪው) ቅድመ ቅጥያ ለዩት፤ ለውጡ ሆን ተብሎ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ የቀድሞውን ብያኔ በ«አንዴፍ» (#undef) ሰርዙ። ሄደር ፋይልን ሁለት ጊዜ ከመካተት የሚጠብቀው «ኢፍንዴፍ» ባለበት ይቆይ።